ለጠላቂ ተሠርቶ ለእጅ ታጣቢ የተሸጠ

ጂ-ሾክ የሚባለው ይህ የካሲዮ ሰዓት ከካርቶኑ ሲወጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም። የሚጠየቀው «አይሰበርም የሚሉት ይሄ ነው?» ነው። ወዲያው እጅ ይዘረጋል፤ የተዘረጋው ግን ሰዓቱን ለማየት ሳይሆን ወለል ላይ ለመልቀቅ ነው። አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው ወዳጆቹ «እስቲ ጣለውና እንየው» አይሉትም። ይህን ሰዓት የገዛ ግን ንብረቱ የሕዝብ መሞከሪያ ሆነ ማለት ነው።

በእርግጥ ሰዓቱም የተወለደው በውርወራ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ የካሲዮ መሐንዲስ ኪኩኦ ኢቤ አባቱ የሰጡት ሰዓት ወድቆ ተበታተነበትና እ.ኤ.አ. በ1981 የማይሰበር ሰዓት ሊሠራ ተነሣ። ናሙናዎቹን ከሦስተኛ ፎቅ የመጸዳጃ ቤት መስኮት እየለቀቀ ወደ 200 የሚጠጉ ሠራ። መላው የመጣለት መናፈሻ ውስጥ ኳስ የምታነጥር ልጅ አይቶ ነው ይባላል፤ ኳሷ መሬት ብትመታም መሃሏ ድንጋጤው አይደርሰውም። እሱም የሰዓቱን ሆድ ዕቃ ከቀፎው ጋር ማጣበቅ ትቶ በጥቂት ነጥቦች ብቻ እንዲደገፍ አደረገው። በ1983 የመጀመሪያው ጂ-ሾክ ሲወጣ ዓላማው ሦስት አሥሮች ነበሩ፦ የ10 ሜትር ውድቀት፣ የ10 ባር (የ100 ሜትር ጥልቀት ያህል) የውሃ ግፊት፣ የ10 ዓመት ባትሪ። አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያው ሰዓቱን እንደ በረዶ ሆኪ ኳስ ሲያስመታው ተመልካች «ውሸት ነው» አለ፤ በቴሌቪዥን ተሞከረና ሰዓቱ ተርፎ ወጣ። እንግዲህ ወለል ላይ ሊለቅቀው እጁን የዘረጋው ወዳጅ አርባ ዓመት ዘግይቷል።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። ዛሬ በዚህ ዘር ውስጥ በርካሽነቱ የሚታወቀው አራት ማዕዘኑ ዲደብልዩ-5600 «200 ሜትር» የሚል የውሃ መቋቋም ማዕረግ ይዟል። በባለቤቱ ሕይወት ውስጥ ግን ጥልቁ ውሃ የመታጠቢያው ገንዳ ነው። እሱም ቢሆን ከመታጠቡ በፊት ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ «እንዳይረጥብ»።

ቁጥሩ የመጥለቂያ ፈቃድ እንዳልሆነ ግን እውነት ነው። 30 ሜትር የተባለ ሰዓት የሚችለው ዝናብና ፍንጣቂ ነው፣ 50 ዋና ይቋቋማል፣ 100 እና 200 ላይ ሲደርስ ሲዋኙ መጨነቅ ይቀራል። ልኩ የሚወሰደው ሰዓቱ ረጋ ብሎ ግፊት ሲያርፍበት እንጂ ክንድ ውሃውን ሲደልቅ አይደለም። ውሃውን የሚከለክለው በክዳኑ ዙሪያ ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው፤ ጠላቶቹም ባሕር ሳይሆን የሙቅ ሻወር እንፋሎትና ሳሙና ናቸው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ቁልፍ መጫን ደግሞ ለውሃው በር መክፈት ነው።

እዚህ ላይ ታናሽ ወንድሙን ማስታወስ ይገባል። የካሲዮው ኤፍ-91ደብልዩ በ1989 የወጣ፣ 21 ግራም የሚመዝን፣ ውፍረቱ 8.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ልከኛ ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ «ውሃ ይቋቋማል» ከማለት በቀር የሜትር ቁጥር አልተጻፈበትም። የትልቅየውን ዝና ተማምነው ታናሹን ይዘው ወደ ገንዳ የሚዘሉ አሉ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። በማግስቱ መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ይለብሳል።

ታናሹ ሌላም መከራ አለበት። በቀኝ በኩል ያለችው ብቸኛ ቁልፍ ለሦስት ሰከንድ ተጭና ከቆየች ስክሪኑ ላይ የፋብሪካው ስም ይወጣል። ይህን ያወቀ ሰው ሁሉ መርማሪ ሆኗል። ሰላምታውን ሳይጨርስ አንጓህን ይይዝና «ኦሪጅናል መሆኑን ልይልህ» ይላል። ስሙ ይወጣል፣ መርማሪው ረክቶ ይሄዳል። ያቺው ቁልፍ የ12 እና የ24 ሰዓት አቆጣጠር መቀየሪያም ስለሆነች ሰዓትህ ከሰዓት በኋላ 17 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ፍርሃት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ይመልሰዋል። ችግሩ ከመመለሱ በፊት ሁለተኛው መርማሪ ይደርሳል።

ታናሹን ሰዓት መሙላት ከባድ አይደለም፤ ከባድ የሚያደርገው መመሪያው ነው። አንድ ጊዜ ከተዘረጋ እንደ ቀድሞው ተጣጥፎ የማያውቅ፣ ፊደሉ ለጉንዳን ዓይን የተለካ ወረቀት ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የግራ ታችኛዋን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ስትጫን ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። ትክክለኛ ሰዓት ከሚያሳይ ነገር ጋር አስተያይተህ የቀኟን ስትጫን ሰከንዱ ዜሮ ይሆናል፤ ከ30 በላይ ደርሶ ከነበረ ደቂቃው በአንድ ይጨምራል፣ አትደንግጥ። የግራ ላይኛዋ ወደ ሰዓቱ፣ ወደ ደቂቃው፣ ወደ ወሩና ወደ ቀኑ ታሻግራለች። የቀኟ ተጭና ስትቆይ ቁጥሩ ይሮጣል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ 41 ፈልገህ 42 ላይ ካረፍክ 59ን ዞረህ ትመጣለህ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም ይህ ሰዓት ዓመት ስለማያውቅ ፌብሩዋሪ ለእሱ ምንጊዜም 28 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ አንድ ቀን ቀድሞህ ይሄዳል።

ትክክለኛነቱስ? ሆዱ ውስጥ ያለችው ኳርትዝ የተባለች ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ይህ ቁጥር አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት ሲካፈል አንድ ይሆናል፣ ሰከንድ የሚባለውም እሱ ነው። ትልቁ በወር ቢበዛ 15 ሰከንድ፣ ትንሹ 30 ሰከንድ ይዛነፋል። ይህን ሁሉ ጭንቀት ተሸክሞ የሚውለው «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ገና ካልሲውን የሚፈልግ ሰው እጅ ላይ ነው። ዱሮ ባለቤቱ ይዘገይ የነበረው በግምት ነው፤ አሁን ስቶፕ ዋቹ በሰከንድ አንድ መቶኛ ይቆጥርለታል። ቀጠሮው ላይ ሲደርስም ሰዓቱን አሳይቶ የሚከራከረው እሱው ነው።

የዚህ ሰዓት እውነተኛ ማኅበራዊ ጠባይ የሚታየው ግን ሰዓት በሞላ ቁጥር ነው። ጢጥ ጢጥ! ይህን ድምፅ አስቦበት ያበራ ሰው ማግኘት ያዳግታል፤ ቁልፍ ሲነካኩ በርቶ የቀረ ነው። ስብሰባ ላይ ሲጮህ አሥር ሰው እጅጌውን ይጨብጣል፤ ጥፋተኛው ብቻ ጣሪያ ያያል። ሁለት ሦስት ባለቤቶች ካሉ ደግሞ የወራት መዛነፍ ተጠራቅሞ አንዱ ከዚህ ጥግ ጢጥ ሲል ሌላው ከሃያ ሰከንድ በኋላ ከዚያ ጥግ ይመልስለታል፤ እያንዳንዱም የተሳሳተው የሌላው መሆኑን ይምላል። ለሕሊና ጸሎት ሁሉም ቆሞ ዝም ባለበት ደቂቃ ቢገጥም የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። በትንሹ ሰዓት ማጥፊያው አምስት ሰከንድ አይፈጅም፦ የግራ ታችኛዋን አንድ ጊዜ ተጫንና አላርም ግባ፣ ከዚያ የቀኟን የደወሏ ምልክት ከስክሪኑ እስክትጠፋ ጠቅ ጠቅ አድርግ። ይህን ግን ማን ያነባል? ጉንዳን።

እናም ድምፁ ባትሪው እስኪያልቅ ይኖራል። በትንሹ ሰዓት ይህ ሰባት ዓመት አካባቢ ነው።

ባትሪው ሲአር2016 ነው፤ ስሙ ራሱ ልኩ ነው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1.6 ውፍረት። በትንሽ ካቻቪቴ ከኋላ ያሉትን አራት ብሎኖች ፍታ፤ ጠርዛቸው እንዳይበላ ካቻቪቴው በልክ ይሁን። የጎማውን ቀለበት አትዘርጋው፣ ቆሻሻ አይንካው፣ ሲመለስ በቦዩ ውስጥ መተኛቱን እይ፤ ብሎኖቹንም አንዱን ሙሉ ከማጥበቅ በዲያጎናል እየተፈራረቁ ማጥበቅ ነው። አዲሱ ገብቶ ስክሪኑ ቢደናበር ማሽኑ ላይ «ኤሲ» ተብሎ የተጻፈበትን ነጥብና የባትሪውን ፖዘቲቭ ገጽ በብረት ወረንጦ ሁለት ሰከንድ ማገናኘት ያስተካክለዋል።

ጣጣው ሌላ ነው። ማሽኑ ጎን ቀዳዳ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የማታክል ሞላ አለች። የሰዓቱን ድምፅ ወደ ክዳኑ የምታደርሰው እሷ ናት፤ ክዳኑ ሲነሣ ዘላ ትጠፋለች፣ የጠፋችበትንም ያየ የለም። ሰዓቱ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ የደወሏ ምልክት ስክሪኑ ላይ እንዳለች ናት። በቀጣዩ ስብሰባ ሰዓት ይሞላል፣ ጢጥ የሚል የለም፣ እጅጌውን የሚጨብጥ የለም። ተናጋሪው «በመጨረሻም» ካለ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ሞላዋም ምንጣፍ ውስጥ ናት።