ኢንቮይሱን የከፈተችውን ልጅ መውቀስ ይብቃ

«ከማታውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል አትክፈቱ» የሚለውን ምክር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህን የሚመክር ሰው የሂሳብ ወይም የግዥ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ተቀምጦ ቢውል ኖሮ አፉን ሞልቶ እንዲህ ባላለ ነበር። አዳማ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ እንደ እኔ ተቀምጠው ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር የሚከታተሉ፣ ዕቃ ከጉምሩክ ከሚያስለቅቀው ትራንዚተር ጋር የሚጨቃጨቁ፣ ለባንክ ሰነድ የሚያሟሉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ የእነዚህ ሁሉ ሥራ ደግሞ ከማያውቁት ሰው የመጣን ፋይል መክፈት ነው። አዲስ አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይልካል፤ የመርከብ ወኪሉ የክፍያ መጠየቂያ ይልካል፤ አይተነው የማናውቅ ደንበኛ የግዥ ትእዛዝ ይልካል። ያልከፈተ ሠራተኛ ሥራ አጓተተ ይባላል፤ ከፍቶ ቫይረስ የገባበት ሠራተኛ ደግሞ ድርጅቱን አጠፋ ይባላል። ብሶቴ ይህ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በቅርብ በማውቀው ድርጅት ውስጥ በአንዲት ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ኢሜይሉ የመጣው ከማታውቀው ሰው አልነበረም። ለወራት ስትጻጻፈው ከቆየችው የውጭ አቅራቢ ስም፣ በዚያው በቆየው የደብዳቤ ልውውጥ ላይ በመልስ መልክ ነው የመጣው። የራሷ ጥያቄ ከታች አለ፤ የዕቃው ዝርዝር አለ፤ ከላይ ደግሞ «የተስተካከለው ኢንቮይስ ተያይዟል፤ እባክዎ ዛሬውኑ ያረጋግጡልን» የሚል አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሰፍሯል። ከዚፑ ውስጥ የወጣው ፋይል ቀዩ የፒዲኤፍ ምልክት ነበረው፤ ስሙም የሚያልቀው «ፒዲኤፍ» በሚለው ነበር። ስትከፍተው ምንም ገጽ አልመጣም። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ወደ ሌላ ሥራዋ አለፈች። ከቀናት በኋላ አንድ ደንበኛ ደውሎ «አካውንት ቀየራችሁ እንዴ?» ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ፣ ከእሷ ኢሜይል በእሷ ስም ለደንበኞች ስለተላከው አዲስ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ማንም የሚያውቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ሲመረመር የዚያ ፋይል ዓይነት በዝርዝሩ ዓምድ ላይ «አፕሊኬሽን» ይላል። የስሙ እውነተኛ መጨረሻ «ኢኤክስኢ» ነበር፤ ማለትም ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያንን መጨረሻ ደብቆ «ፒዲኤፍ» የሚለውን ብቻ አሳይቷታል።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ልጅቷ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆማ «እንዴት አታስተውዪም?» ተባለች፤ ደመወዟ እንደሚቆረጥም ተነገራት። ኮምፒውተሩን ማን እንዳዘጋጀው፣ አንቲቫይረሱ ለምን እንደማይሠራ፣ የክፍያ አካውንት ሲቀየር የማረጋገጫ ሥርዓት ለምን እንደሌለ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የፋይሉን ስም መጨረሻ የመደበቁ ነገር ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያጥለቀለቀው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የጽሑፍ ፋይል መስሎ ሲገባ የተጠቀመው ይህንኑ ብልሃት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ዊንዶውስ ግን ዛሬም አዲስ ሲጫን የፋይሉን መጨረሻ ደብቆ ነው የሚጀምረው። ይህን ያህል ዘመን ያላስተካከሉትን ነገር የአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ ዓይን እንዲያስተካክለው መጠበቅ ግፍ ነው።

በቆየ ንግግር መሐል ገብቶ መልስ መስሎ መምጣትም የታወቀ ስልት ነው። ኢሞቴት የተባለው ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በ2014 የባንክ መረጃ ሊሰርቅ ከወጣ ወዲህ ሲሰራጭ የኖረው በአመዛኙ ኢንቮይስና የክፍያ ማሳሰቢያ እየመሰለ ነው፤ በኋላም ከተጠቁ ኮምፒውተሮች የሰረቀውን የኢሜይል ልውውጥ መልሶ በመጠቀም ከወዳጅ የመጣ መልስ እየመሰለ መግባት ጀመረ። በ2021 መጀመሪያ ላይ የበርካታ አገሮች ፖሊስ ተባብሮ ሰርቨሮቹን ቢቆጣጠርም ዓመቱ ሳያልቅ ተመልሶ መጥቷል። አንድ የሊትዌኒያ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የአንድ ዕቃ አምራች ድርጅትን ስም ተጠቅሞ በላከው ሐሰተኛ ኢንቮይስ ከጉግልና ከፌስቡክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል፤ በ2019 የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እሱ ቫይረስ እንኳ አላስፈለገውም፤ ኢንቮይሱ ብቻ በቃው። የዓለም ታላላቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የሂሳብ ክፍሎች ያላስተዋሉትን አዳማ ላይ በተጨናነቀ የሥራ ቀን አላስተዋልሽም ብሎ ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የዎርድና የኤክሴል ማክሮም (በሰነዱ ውስጥ የሚጻፍ የትእዛዝ ስብስብ) አለ። ፋይሉ ሲከፈት ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣና «ይዘቱን ፍቀድ» የሚል አዝራር ያሳያል፤ ሰነዱ ራሱ ደግሞ «ጽሑፉን ለማየት አዝራሩን ይጫኑ» ይላል። ያ አዝራር ሲጫን በፋይሉ ውስጥ ያለው ትእዛዝ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የነበረው ሎኪ የተባለው ቫይረስ የገባው በዚህ በር ነበር። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ውስጥ ያለን ማክሮ ሳይጠየቅ ማገድ የጀመረው በ2022 ነው። ያ እገዳ የሚሠራው ግን የታደሰ ኦፊስ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ፋይሉ ከኢንተርኔት የመጣ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ተለጥፎበት መቆየት አለበት። እኛ ዘንድ ፋይሉ በአንዱ ኮምፒውተር ይወርድና በፍላሽ ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ አብዛኛው ፍላሽ የሚጠቀምበት አሠራር ይህን ምልክት ስለማይዝ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ይቀራል። ማተሚያው የተገናኘው ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ብቻ በሆነበት ቢሮ ውስጥ ይህ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሐሰተኛው ኢንቮይስ እውነተኛውን ቢመስል አያስደንቀኝም፤ ሌባው የሚኖርበት ሙያ ነው። የሚያበሳጨኝ እውነተኛው ኢንቮይስ ሐሰተኛውን መምሰሉ ነው። ብዙ ገንዘብ የምናስተላልፍላቸው አቅራቢዎች የድርጅታቸው ስም ከሌለበት፣ ማንም በነጻ ከሚከፍተው አድራሻ ይጽፉልናል፤ አድራሻውንም ሳይነግሩን ይቀያይራሉ። የኢሜይሉ ርእስ ባዶ ነው፣ ወይም «አስቸኳይ» ብቻ ይላል። የፋይሉ ስም ስካነሩ የሰጠው ቁጥር ነው። አንዳንዱ ሰነዱን በዚፕ ቆልፎ የይለፍ ቃሉን እዚያው ኢሜይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ አጥቂዎችም አንቲቫይረስ ገብቶ እንዳይመረምር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የአገር ውስጦቹም አይሻሉም። አንዱን አብረን የምንሠራ የትራንዚት ቢሮ የኢሜይሉ ርእስ ላይ የድርጅታችንን ስምና የኢንቮይሱን ቁጥር እንዲጽፍልን በትሕትና ብጠይቅ፣ «ይህን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ አላመንሽንም?» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። በዚህ ከተማ ንግድ ውስጥ ማጣራት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ሠራተኛው ከዓመት እስከ ዓመት እንዲህ ያለ ዝርክርክ ደብዳቤ እንዲከፍት ሲለማመድ ኖሮ አንድ ቀን ሌባው በዚያው መልክ ሲመጣ እንዲለየው ይጠበቅበታል።

አለቆችም አሉ። ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሞ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) እና የመጋዘን ኪራይ በሚቆጥርበት ሰዓት «እስቲ ቶሎ ክፈቺውና ወደ ባንክ ሂጂ» የሚል አለቃ ፊት ቆሞ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ደውዬ ላጣራ» ማለት ቀላል አይደለም። አጥቂዎቹ «ዛሬውኑ» የሚለውን ቃል ከደብዳቤያቸው የማያጠፉት ይህን ችኮላችንን ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ «አትክፈቱ» ማለቱን ትተን እንዴት እንደሚከፈት እንነጋገር። ቢሮዎች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ዊንዶውስ የፋይሉን ሙሉ ስም እንዲያሳይ ማድረግ ነው፤ ፋይሎች የሚታዩበት መስኮት ላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ (በዊንዶውስ 11 እዚያው ባለው «ሾው» ውስጥ) ገብቶ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን መምረጥ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ስሙ በኢኤክስኢ፣ በጄኤስ፣ በቪቢኤስ፣ በኤስሲአር ወይም በአይኤስኦ የሚያልቅ ኢንቮይስ ከመጣ ኢንቮይስ አይደለም። አቋራጭ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን ይህ ተስተካክሎም መጨረሻውን ስለማያሳይ፣ በምልክቱ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት መፈለግ ያስፈልጋል። ጂሜይል የሚጠቀም ሰው ደግሞ ፋይሉን ሳያወርድ እዚያው ብራውዘሩ ላይ ማየት ይችላል፤ እውነተኛ ፒዲኤፍ ከሆነ ገጹ ይመጣል፣ ፕሮግራም ከሆነ የሚታይ ገጽ የለውም። ኢንቮይሱን ለማየት የኢሜይል የይለፍ ቃል አስገቡ የሚል ገጽ ከመጣ የሚፈለገው የይለፍ ቃሉ ነውና እዚያው መዝጋት ነው። ቢጫውን መስመር በተመለከተ፣ ኢንቮይስ ለመነበብ ማክሮ የሚያስፈልገው ምንም ምክንያት የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ስልክ ነው። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል ማንኛውም መልእክት ሲመጣ፣ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ቀድሞ በውልና በመዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ፣ ድምፁን ከምናውቀው ሰው አፍ ሳይሰሙ አንድ ብር አለመክፈል። ይህ የሠራተኛዋ የግል ጠባይ ሆኖ ሊቀር አይገባም፤ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የድርጅቱ ደንብ መሆን አለበት፤ ያኔ «አላመንሽንም?» ለሚል ሰው ልጅቷ ደንቡን ታሳየዋለች እንጂ ፊቱ ላይ አታፍርም። ኢሜይሉ ላይ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ (ለምሳሌ በስልክ የሚመጣ ኮድ) ይከፈት፤ የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃሎች ብራውዘሩ ውስጥ አይቀመጡ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ማልዌር ሲገባ ቀድሞ የሚያፍሰው እነሱን ነው። የሂሳብ ሶፍትዌሩ የፒችትሪ ዳታ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) ሲያልቅ ከኮምፒውተሩ በሚነቀል ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን። ተሰክቶ የሚውለውን ዲስክ ፋይል ቆላፊው ቫይረስ አብሮ ይቆልፈዋል።

አንዴ ከተከፈተስ? ፋይሉን ማጥፋት አያድንም፤ ፕሮግራሙ ራሱን ሌላ ቦታ ገልብጦ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን ወዲያው ከዋይፋይና ከኬብል መለየት፣ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ የይለፍ ቃሎችን መቀየር፣ ኢሜይሉ ከተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ ማዘዝ፣ ለባንኩና ለደንበኞች ሳይውል ሳያድር መንገር ነው የሚያዋጣው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሠራተኛዋ «አንድ ነገር ከፍቻለሁ፣ የተለመደ አልመሰለኝም» ብላ በሰዓቱ መናገር ስትችል ብቻ ነው። ደመወዝ በመቁረጥ ያስፈራራ ድርጅት ዝምታን ነው የሚገዛው፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ደግሞ ሌባው ቀናት ያገኛል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰርጎ መግባትንና በኮምፒዩተር ማታለልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ወንጀለኛው ፋይሉን የላከው ሰው ነው፤ ጉዳዩም የሚሄደው ወደ ፖሊስና ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር እንጂ ወደ ሠራተኛዋ የደመወዝ መዝገብ አይደለም።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ለምትጭኑልን ወንድሞች አንድ ነገር ልበል። ያልተገዛ፣ ፈቃዱ የተሰበረ ኦፊስ ስትጭኑ ክራኩ (ፈቃዱን የሚሰብረው ፕሮግራም) እንዲሠራ አንቲቫይረሱን ታጠፋላችሁ፤ የዊንዶውስ እድሳትንም ትዘጋላችሁ፤ ከዚያም ክፍያችሁን ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ። ደንበኛው የተዘጋለትን በር አያውቅም። የዚያች ልጅ ኮምፒውተር ሲመረመር አንቲቫይረሱ ጠፍቶ የተገኘው ኮምፒውተሩ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ነው። አብዛኛው ድርጅት ለኦፊስ ፈቃድ ገንዘብ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ዕለት ተዕለት ለምንሠራው ኢንቮይስና ሠንጠረዥ ግን በነጻ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደርም ካላጠፋችሁት በነጻ ይሠራል። ያጠፋችሁትን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡት፤ ያንን ወረቀት ለመስጠት የምታፍሩ ከሆነ አታጥፉት።