ፍርድ ቤቱ የወሰነው ሌላ ነገር ነው
ስለ ቺርሊዲንግ፣ ማለትም በቡድን እየዘለሉና ጓደኛን ወደ ላይ እየወረወሩ ስለሚያሳዩት ትርኢት፣ የወጣው ጽሑፍ «ቺርሊዲንግ ስፖርት እንዳልሆነ ፍርድ ቤት ወስኗል» ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮነቲከት ላሉ ዳኛ የቀረበው ጥያቄ፣ ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ የሴቶችን መረብ ኳስ አስቀርቶ ቺርሊዲንግን በቦታው ቢተካ ለሴቶች እኩል ዕድል እንደ ሰጠ ይቆጠርለታል ወይ የሚል ነበር። ዳኛው አይቆጠርም ያሉት ውድድሩ ያን ጊዜ በቅጡ ስላልተደራጀ ነው፤ ወደፊት ሊቆጠር እንደሚችልም እዚያው ውሳኔ ላይ ጽፈዋል። በ2021 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት ሙሉ ዕውቅና ሰጥቷል። ከእኔ በፊት በአስተያየት «እንግዲህ ጨፋሪ ሁሉ ስፖርተኛ ሊባል ነው?» ብለው የጻፉት ወንድሜ፣ እዚህ ሜሪላንድ የምትማረው ልጄ ጓደኛዋን ወደ ላይ ወርውረው ከሚቀልቡት አንዷ ናት። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ትርኢት ክረምት ከበጋ ትለማመዳለች። አምና ከላይ የወረደችው ልጅ ክርን አፍንጫዋን ሰበረው፤ በአዳራሹ በረዶ የሚይዝላት የሕክምና ባለሙያ እንኳ አልነበረም። ትምህርት ቤቱን ስጠይቅ «ስፖርት ተብሎ ስላልተመዘገበ አይመደብለትም» አሉኝ። ለወንዶቹ የአሜሪካ ፉትቦል ግን ባለሙያው በየልምምዱ ከሜዳው ዳር ይቆማል። ስያሜው ለእኔ የክብር ጉዳይ አይደለም፤ ልጄ ስትወድቅ ማን ይደርስላታል የሚለው ነው።