የጥቁር ወታደሮቹ ደብዳቤዎች፦ አንድ እርማት

ወንድሜ፣ «በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ጥቁሮች ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤ አልተዉልንም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። እርግጥ ከባርነት የወጡት አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም ነበር፤ በደቡብ ግዛቶች መማር ተከልክሎባቸዋላ! እነሱም ቢሆኑ ጓድ እያስጻፉ ይልኩ ነበር።

ጥቁሮች በተሰለፉበት የሰሜኑ ጦር የ54ኛው ማሳቹሴትስ ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ኮርፖራል ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1863 በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈ። ለነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈል፣ ለእነሱ 10 ነበር፤ ከዚያም ላይ 3ቱ ለልብስ ይቆረጣል። «ወታደሮች ነን ወይስ የጉልበት ሠራተኞች?» ብሎ ጠየቀ። የሬጅመንቱ ሉዊስ ዳግላስ ደግሞ ለእጮኛው በደቡቡ ጦር ምሽግ በፎርት ዋግነር የተደረገውን ውጊያ ጽፎላታል፦ የመድፍ ጥይት ፈንድቶ 20 ጫማ ቦታ ባዶ ሲያደርግ ጓዶቹ ተመልሰው ይሞሉታል።

ኮንግረስ ደመወዙን ያስተካከለው በሰኔ 1864 ነው። ጉዲንግ በቀጣዩ ወር የደቡቡ ጦር ምርኮኞችን በሚያስርበት በአንደርሰንቪል እስር ቤት ሞተ።