እርማት፦ «አልዛይመር የለም፤ መጃጀት ነው» ለሚለው

ሰሞኑን «አልዛይመር የሚባል በሽታ የለም፤ ሰው ሲያረጅ መጃጀቱ ነው» የሚል አስተያየት በዝቷል። አባባሉ የተለመደ ቢሆንም ልክ አይደለም፤ አልዛይመር ትዝታን የሚያጠፋ የአንጎል በሽታ ነው። በበሽታው አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ከነርቭ ሴሎች ውጪ ይጠራቀማል፤ ታው የተባለው ደግሞ ሴሎቹ ውስጥ ይተበተባል። ሴሎቹ ይሞታሉ። አዲስ ትዝታ የሚይዘው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ ቀድመው ከሚጎዱት ነው። እማማ የሠርጋቸውን ቀን አብጠርጥረው እያወሩ፣ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው። ደግሞም በሽታው በስሙ የተጠራው ዶክተር አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. በሽታውን ያስረዳባት ሴት ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። አሮጊት አትባልም መቼም!

ልዩነቱን ማየት የፈለገ የጤነኛ አዛውንትና የታማሚ አንጎል የኤምአርአይ ምስል ጎን ለጎን ያስተያይ። የሚረሳ ሰው «እርጅና ነው» ተብሎ ቤት ሲቀር፣ መርሳቱን ያመጣው የታይሮይድ ችግር ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ቢሆን እንኳ፣ በደም ምርመራ ታውቆ መታከም ሲችል ሳይታይ ያልፋል።