የራፓ ኑይ ድንጋያማ ማሳ፦ ብልሃት ወይስ የጭንቅ መላ?

ራፓ ኑይ (ፋሲካ ደሴት) ከቺሊ ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀች፣ 164 ካሬ ኪሎ ሜትር የምታህል ደሴት ናት። ፖሊኔዥያውያን እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ ሰፈሩባት። ደናቸውን ጨርሰው በራሳቸው እጅ ወደቁ የሚል ታሪክ ይነገርባቸዋል፤ ታዲያ ማሳቸውን በድንጋይ መሙላታቸው ምንን ያሳያል? ሶስናና ብርሃኑ ይከራከራሉ።

ሶስና፦ ድንጋዩ ታስቦበት የገባ ነው። ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ቢበልጥም ቀዳዳ የበዛው የእሳተ ገሞራ ዐለት ወዲያው ይመጠዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ነፋሱም ጨው አዝሎ ይመጣል። ስለዚህ ድንጋይ ቡጢ እስኪያህል ሰባብረው ከላይኛው አፈር ጋር ያደባልቁታል፤ ስኳር ድንቹ በመሃሉ ይተከላል። ድንጋዩ ትነትን ይቀንሳል፣ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል፣ አዲስ የተሰበረው ፊቱም ቀስ በቀስ ማዕድን ይለቃል። ነፋስ ለሚጎዳቸው ለሙዝና ለጎደሬ ደግሞ ማናቫይ የሚባል ክብ የድንጋይ ካብ ይሠራሉ።

ብርሃኑ፦ አሠራሩ ላይ ልዩነት የለንም፤ የእኔ ጥያቄ ምን አስገደዳቸው ነው። ሲመጡ ደሴቲቱ የዘምባባ ደን ነበረች፤ ጥላውም የነፋስ መከታውም እሱ ነበር። ለእርሻ ብለው መነጠሩት፣ አቃጠሉት፤ አብሯቸው በታንኳ የገባው አይጥ ደግሞ ፍሬውን እየቆረጠመ እንዳይተካ አደረገው። ሸክሙን ያስሉት፦ 10 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ፣ ግማሹ ክፍተት ነው ብንል እንኳ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 135 ኪሎ ግድም ይፈልጋል። ይህን ወዶ የሚሸከም ማን ነው?

ሶስና፦ ስኳር ድንች በደን ጥላ ሥር እኮ አይቆምም፤ ምንጣሮው አይቀሬ ነበር። ከዘምባባው በታች ያለው አፈርም ቢሆን ዝናብ ለዘመናት ንጥረ ነገሩን ያጠበው ነው። በ2024 በሳተላይት ምስል የተሠራ ጥናት ድንጋያማ ማሳው በጠቅላላ 0.76 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑን፣ ከባህር ምግብና ከሌላ ሰብል ጋር ተደምሮ ወደ 3,000 ሰው ሊመግብ እንደሚችልም አሳይቷል። በ1722 የደረሱት አውሮፓውያን ካዩት ሕዝብ ጋር ይቀራረባል። ታዲያ የሚባለው ውድቀት የት ላይ ነው? ሕዝቡን የጨረሰው የ1862ቱ የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች ወረራና ተከትሎት የመጣው ፈንጣጣ ነው፤ በ1877 የቀሩት 111 ነበሩ።

ብርሃኑ፦ የ1862ቱን ግፍ ማንም አይክድም፤ ድንጋዩ ግን ከዚያ በፊት የተሸከሙት ነው። 0.76 ደግሞ ድንጋይ የገባበትን ማሳ ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው እርሻ የለበትም። ለሕዝብ ቁጥር መለኪያ ማድረግዎ አላሳመነኝም። ደግሞስ ታንኳውን በምን ሊተኩት ነው? አናኬና በሚባለው የደሴቲቱ የባህር ዳርቻ በጥንቱ የቁፋሮ ንጣፍ የዶልፊን አጥንት ሞልቷል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርቡ ዘመን ንጣፍ፣ ሲመጣ ይሳሳል። ዶልፊን የሚታደነው ከጥልቁ ባህር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠንካራ ታንኳ፣ ለታንኳውም ትልቅ ግንድ ያስፈልጋል።

ሶስና፦ ታንኳው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ድንጋይ አይቀዘፍም። ከባህር ግን አልተቆረጡም። የአጥንት ኬሚስትሪ ጥናት ከፕሮቲናቸው ግማሽ ያህሉን ከባህር ያገኙ እንደነበር ያሳያል፤ ዳርቻው ላይ የሚጠመደውን ዓሣ ነው የበሉት። ውሃቸውም እዚያው ነበር፦ ዐለቱ የመጠጠው ዝናብ ባህሩ ሲሸሽ ከዳርቻው ይመነጫል፤ ትንሽ ጨው ጨው ቢልም ጠጥተውታል።