ሺህ አራት መቶ ዓመት በአንድ ማኪያቶ

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች ተቀምጠው የሚያስተምሩንን ሊቃውንት አለማመስገን ንፉግነት ነው። ፈረንጁ የእስላማዊ አክራሪነትን ሥር ለማወቅ ዐረብኛ ይማራል፣ ዓይኑ እስኪፈዝ መዛግብት ያገላብጣል፣ በመጨረሻም «ነገሩ ውስብስብ ነው» ብሎ ያርፋል። ስንፍና! የእኛ ሊቅ የማኪያቶው አረፋ ሳይከስም ከመካ ተነሥቶ ሞቃዲሾ ይገባል። ለእረፍት የሚቆመውም አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ግራኝ አሕመድ ላይ።

«ግራኝን ያየ አገር ቢን ላደን ምን ይገርመዋል?» ይላል፤ ጠረጴዛው በአድናቆት ጸጥ ይላል። ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል ያደረጉት በ1529 ነው፤ አልቃይዳ የተቋቋመው በ1988። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው፤ ሊቁ በየትኛውም አቆጣጠር አይቸገርም።) በመካከሉ አራት መቶ ሃምሳ ምናምን ዓመት አለ፣ በዚያን ጊዜ ኦቶማንና ፖርቱጋል በቀይ ባሕር ሲተናነቁ ከኢማሙ ጎን የቱርክ፣ ከንጉሡ ጎን የፖርቱጋል ነፍጠኛ ተሰልፎ ነበር ቢሉት፣ «እሱ ዝርዝር ነው» ይላል። ዝርዝር አይወድም። የሚወደው ሒሳብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ «እኔ አንድ ማኪያቶ ብቻ ነው የጠጣሁት።»

ይህ ዝርዝርን የመናቅ ጸጋ ከስንት ጣጣ እንዳዳነው አስቡት። ኸዋሪጆች የሚባሉትን ማወቅ አላስፈለገውም። በ657 ሙስሊም ከሙስሊም ከተዋጋበት ከሲፊን ጦርነት በኋላ ኸሊፋው ዓሊ ከባላንጣቸው ጋር በሽማግሌ ለመዳኘት ቢስማሙ «ፍርድ የአላህ ብቻ ነው» ብለው ያፈነገጡ ናቸው፤ በ661 ከእነሱ አንዱ ኩፋ መስጊድ ውስጥ ዓሊን ገደላቸው። የተገደሉት የነቢዩ የአጎት ልጅና አማች ናቸው። «አንተ ሙስሊም አይደለህም» ተብሎ በሙስሊም የተገደለ የመጀመሪያው ረድፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ የሊቁን ወሬ ያበላሻል፤ ስለዚህ አላነሣውም። ስለ ደማስቆው የሃይማኖት ዐዋቂ ስለ ኢብን ተይሚያም አልሰማም። እኚህ ሰው፣ ሰልመናል እያሉ በጄንጊስ ካን ሕግ የሚገዙ ሞንጎሎችን መዋጋት ይገባል ብለው ፈረዱ፤ ራሳቸው በ1328 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የግብፁ መሪ የሳዳት ገዳዮች ያንኑ ፍርድ ከዘመኑ ነቅለው በ1981 ለገዛ ፕሬዚዳንታቸው አዋሉት።

ሰይድ ቁጥብን ያነሣሁበት ቀንማ አፍሬአለሁ። «ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው?» አለኝ። ልክ ነው፤ ምን አገባው? ሰውዬው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲና የግብፅ ትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር። በ1948 ለትምህርት አሜሪካ ተልኮ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ግሪሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተዘጋጀ ዳንስ አይቶ ተንገሸገሸ። ተመልሶ፣ በ1928 መምህሩ ሐሰን አልባና ኢስማዒሊያ ላይ የመሠረተውን የሙስሊም ወንድማማቾች ማኅበር ተቀላቀለ፤ የግብፁ መሪ ናስር በ1954 አሰረው፤ ከድብደባና ከእስር ውስጥ ሆኖ የዘመኑን ገዢዎች ከእስልምና የሚያስወጣ ሐሳብ ጻፈ፤ በ1966 ተሰቀለ። ከእሱ በኋላ የመጣው፣ ኋላ የአልቃይዳ መሪ የሆነው አይመን አልዘዋሂሪ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፤ እሱም ከሳዳት ግድያ በኋላ ታስሮ ተገርፏል። የዘመናችን አክራሪነት መሠረት ከበረሃው ድንኳን ይልቅ በከተማ የተማረ ሰውና የመንግሥት እስር ቤት ነው ብዬ ልቀጥል ስል ሊቁ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ደቂቃ ቲክቶክ አሳየኝ። ቪዲዮው ላይ እሳትና ከበሮ ነበረ። ተሸነፍኩ።

ከጎኑ የሚቀመጠውን ሁለተኛውን ሊቅ ብዘለው ግፍ ይሆናል። እሱ «ሁሉም የሲአይኤ ሥራ ነው» ባይ ነው፤ እምነቱም ጽኑ ነው። አንድ እውነት መያዙን አልክድም፤ ሶቭየት አፍጋኒስታን ከገባች በኋላ የአሜሪካና የሳዑዲ ገንዘብ በፓኪስታን ስለላ በኩል ሲጎርፍ ነበር፤ በ1986 ስቲንገር ሚሳኤልም ተጨመረበት። ግን ሶቭየቶቹ ከመግባታቸው ከወር በፊት፣ በዚያው በ1979፣ ጁሃይማን የሚባል የቀድሞ የሳዑዲ ብሔራዊ ዘብ ወታደር ተከታዮቹን አስታጥቆ ታላቁን የመካ መስጊድ ለሁለት ሳምንት ያህል ይዞ ነበር። እሱንስ ማን ላከው? «እሱንም ሲአይኤ ነዋ!» እንዲህ ያለ ሰው ቤተ መጻሕፍት ቢገባ ለመጻሕፍቱ ነው የሚታዘንላቸው።

ሁለቱ የሚስማሙት በቦሌ መንገድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ ሲመጡ የተተኮሰባቸው ዕለት፣ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። እንደ እውነቱ፣ ያን ቀን እዚያ ነበርኩ የሚለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እዚያ ቢኖር ኖሮ የሙባረክ መኪና ዞሮ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመለስበት ቦታ ባላገኘ። ጥይቱን ያዩታል፣ ጭሱን ያሸቱታል። ተኳሾቹ ግብፃውያን እንደነበሩ፣ አልጀማዓ አልኢስላሚያ የሚባለው ቡድን የካይሮ ጠቡን ተሸክሞ እኛ ደጅ እንደመጣ፣ የጸጥታው ምክር ቤት በ1996 ሱዳን ተጠርጣሪዎቹን እንድታስረክብ በቁጥር 1044 እንደወሰነ ሲነገር ግን ሁለቱም ሽንት ቤት ይሄዳሉ።

ከሁሉ የሚደነቀው ትሕትናቸው ነው። ያን ሁሉ አውቀው ማስረጃ የሚጠይቁት ሌላ ሰው ነው፤ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠውን ጓደኛችንን። ጁምዓ ከበኒ መስጊድ ሰግዶ ሲመጣ ገና ወንበር ሳይስብ «እስቲ አንተ ንገረን፣ እናንተ ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጉት?» ይሉታል። እናንተ! ከኸዋሪጅ እስከ አልሸባብ ያለውን ሁሉ እሱ በኃላፊነት ይፈርማል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን አርዶ ቂርቆስ በለቅሶ ሲናጥ፣ ይኸው ሰው የሐዘን ድንኳን ቋሚ አቅፎ ነበር። ሊቁ የድንኳኑን ገመድ በአንድ እጁ እንደያዘ «ግን ሸሪዓው ምን ይላል?» አለው። ዕውቀት ጊዜና ቦታ አይመርጥም።

ባለፈው ዓርብም ጠየቁት። አፉን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጮኸ፤ የቪትዝ ኮምፕሬሰር የሚፈልግ ደንበኛ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። የሦስታችንንም ሒሳብ ከፍሎ እየሮጠ ወጣ። ሊቁ በመስታወቱ አሻግሮ አየውና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አየህልኝ? ሲያፋጥጡት ይሸሻል።»