አምስተኛው ቅኝት

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው። የደሴ ወላጅ ግን በዚህ አልረካም። አምስተኛ ጨመረበት፦ ልጅን ሳያስነቁ መቃኘት።

መሣሪያው ቀላል ነው። አንድ ስልክ፣ አንድ የጽጌረዳ ፎቶ፣ አንድ የሴት ስም። ጢማሙ አባወራ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ሶፋው ጥግ ይወሸቅና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኮረዳ ሆኖ ይነሳል። ሙስሊሙ አባት «ሜሪ ቆንጆ»፣ ክርስቲያኑ «ሀያት ማር» ይባላሉ። የወሎን የመቻቻል ባህል እዚህ ድረስ ያደረሰው ማን አለ?

የረቀቀው ነገር ደግሞ ሜሪ ቴሌግራም የምትከፍተው በዚያው አገር በሚያውቀው በአባወራው ቁጥር መሆኑ ነው። ልጁ ቁጥሩን መዝግቦ ከያዘው፣ ቴሌግራም የሚያሳየው ልጁ የመዘገበበትን ስም እንጂ ባለቤቱ የለጠፈውን አይደለም። ስለዚህ በጽጌረዳዋ ጎን «አባዬ» የሚል ይነበባል። ገና ሲከፈትም «አባዬ ቴሌግራም ተቀላቀለ» ተብሎ ተነግሮለታል። አዲስ ሲም የሚያወጡ ጠንቃቆችም አሉ። እነሱ የሚጋለጡት ፌስቡክ «ኮንታክትህን ላመሳስል?» ሲላቸው «እሺ» በማለታቸው ነው። ከዚያማ ሜሪ «ልታውቃቸው የምትችላቸው ሰዎች» ተብላ ከአክስትና ከአጎት መሀል ለልጁ ትቀርባለች።

የእናት ስልት ይለያል። ልጁ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ስልኩ ይነሳል፤ ዋትስአፕ፣ ሦስቱ ነጥቦች፣ «የተገናኙ መሣሪያዎች»፣ ከዚያ የላፕቶፑን ኪውአር ኮድ ስካን። ስልኩ አሻራ ከጠየቀ ልጁ እንቅልፍ እስኪወስደው ይጠበቃል፤ የተኛ ልጅ አውራ ጣት አይከራከርም። ዋትስአፕ እስከ 4 መሣሪያ ስለሚፈቅድ ለአክስትም ቦታ አይጠፋም። ችግሩ ያው ዝርዝር ልጁም ጋ መኖሩ ነው፤ የመሣሪያው ስም ከነመጨረሻ ሰዓቱ ተጽፎ ይታያል። ጅል ልጅ ያስወጣታል። ብልጥ ልጅ ግን ይተዋትና ከጓደኛው ጋር «ፊዚክሱን ጨረስከው?» «ሁለት ጥያቄ ቀረኝ» እየተባባለ ትያትር ይሠራላታል። ዋናው ወሬ በሁለተኛው አካውንት ነው።

ይህንኑ ቴሌግራም ላይ የሞከረች እናት ታሳዝናለች። አዲስ መሣሪያ በገባ ቁጥር ቴሌግራም ራሱ የመሣሪያውን ስም ጠቅሶ ለልጁ ይጽፍለታል። እሱ በአንድ ንክኪ ሌሎቹን ሁሉ ጠርጎ ያስወጣል፤ አዲስ ገቢዋ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላት እሱን ማስወጣት አትችልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ተጨማሪ የይለፍ ቃል፣ ካበራማ ከበር ትመለሳለች፤ የልደት ቀኑን፣ የአያቱን ስም፣ የሚደግፈውን ቡድን ሁሉ ሞክራ።

ቲክቶክ በ2020 እ.ኤ.አ. «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባል ነገር አውጥቶ ይህን ጥበብ ሊያዋርደው ሞክሯል። ወላጅና ልጅ ሁለት ስልክ አውጥተው ኪውአር ኮድ ስካን ያደርጋሉ፤ የቀን ሰዓት ገደቡ፣ ማን መልእክት ሊልክለት እንደሚችል፣ ሁሉም ከወላጅ ስልክ ይስተካከላል። ነውሩ ብዙ ነው። ልጁ ያውቃል። መልእክቱን አያስነብብም። ከሁሉ የባሰው፣ ከልጅ ጋር ጎን ለጎን ሁለት ደቂቃ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ስድስት ወር ሜሪ ሆኖ ለከረመ ሰው ይህ ከአቅም በላይ ነው። ደግሞስ 13 ዓመት ሳይሞላው የልደት ዘመኑን ወደ ኋላ ገፍቶ አካውንቱን የከፈተለት ማን ሆነና? ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉት የግል መልእክትን ይዘጋል፤ የእኛ ልጅ ግን እዚያ 24 ዓመቱ ነው።

የተሰበሰበው መረጃ የሚተነተነው ቡና ላይ ነው። በአቦል ማን ማንን ላይክ እንዳደረገ ይዘረዘራል፤ በቶና ከፎቶው ጀርባ የምትታየው ክንድ የማን እንደሆነች ይመረመራል። በረካ ሲቀዳ ፍርዱ ያልቃል፤ ከሳሽ አለ፣ ምስክር አለ፣ የሌለው ተከሳሹ ብቻ ነው።

ልጁ ሐይቅ ዳር የተነሳውን ፎቶ ሲለጥፍ ሜሪ «ዋው» ትላለች፤ ከሥሯ ሀያት ልብ ታስቀምጣለች። አንዷ የልጁ አባት፣ አንዷ የቅርብ ጓደኛው አባት ናቸው። «ይቺ ልጅ ምንድን ናት?» ተባብለው በልባቸው ከተፈራሩ ሰንብተዋል። በመጨረሻ ሜሪ ደፍራ ጻፈች፦ «ሰላም ሀያትዬ፣ የት ነሽ?»

ሀያት ጋቢዋን ከአፏ ገለጥ አደረገች፤ ጢሟን ዳበሰች። «ደሴ ነኝ። አንቺስ የኔ ማር?»